ይህን የሠራው ማን ነው?

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። እኛ ልጆች ሆነን እናቶቻችንን እየተከተልን በገበያዋ ስንመላለስ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀን የነበረው የቅቤ ተራው ነበር። ሻጪቱ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ገዢዪቱ ትመጣና ቅጠሉን ገልጣ ታያለች፤ በስንጥር ከመካከሉ ጫር አድርጋ ታሸታለች፤ በምላሷም ትቀምሳለች። በዚህም አይበቃትም። «እቴ፣ ላሚቱ መቼ ነው የወለደች? ስንት ቀን ተጠራቅሞ ነው የተናጠ?» ብላ ትጠይቃለች። ሻጪቱም አንዳንድ ጊዜ በትዕግሥት፣ አንዳንድ ጊዜም በቁጣ ትመልሳለች። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ምርመራ ለአንድ ጥቅል ቅቤ የበዛ ይመስለን ነበር። በኋላ ግን ድንች ቀቅሎ ወይም ሙዝ አድቅቆ ከቅቤ ጋራ የሚቀላቅል ሰው መኖሩን ስንሰማ፣ እናቶቻችን ያለ ምክንያት ይጠይቁ እንዳልነበረ ተረዳነው።

ይህን የልጅነት ትዝታ ያነሣነው ስለ ቅቤ ለመጻፍ አይደለም። በዘመናችን ሌላ ገበያ ተከፍቷል፤ ድንኳንና ተራ የለውም፤ የቆመው በኢንተርኔት ላይ ነው። የሚሸጥበትም ነገር በእጅ የማይጨበጥ ነው፤ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ዜማ፣ የፊደል ቅርፅ፣ የልብስና የግድግዳ ጌጥ ንድፍ፣ ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሆን የቤትና የዛፍ አምሳያ ይሸጥበታል። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ዲጂታል ንብረት ይሉታል። በጎጃም ደጋ ላይ የተቀመጠ አንድ ሠዓሊ ሥራውን እዚያ ቢያኖር፣ በሌላው የዓለም ዳር የሚኖር የጋዜጣ አዘጋጅ ወይም የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በጥቂት ዶላር ሊገዛው ይችላል። ሻጭና ገዢ አይተያዩም፤ አይነጋገሩም፤ ስንጥርም የለም።

በዚህ ገበያ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራቸው ሥዕሎች እንደ ክረምት ጎርፍ መጡበት። ሰውየው የሚፈልገውን በጥቂት ቃላት ይጽፋል፤ ማሽኑም ሰከንዶች በማይሞላ ደቂቃ ውስጥ ሥዕሉን አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። አንድ ሠዓሊ በወር የሚሠራውን አንድ ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ ሊያወጣው ቻለ። እንግዲህ የገበያው ጠባቂዎች የእጅን ሥራ ከማሽን ሥራ ሊለዩ ይገባቸዋልን? ይገባቸዋል ከተባለስ በምን ዐይነት ዳኝነት ነው የሚለዩት? ጥያቄው የነጋዴዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠልቀው ሲያዩት ስለ እውነትና ስለ ፍርድ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል።

ትላልቆቹ ገበያዎች የሰጡት መልስ እርስ በርሱ አይስማማም። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የሥዕልና የፎቶግራፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ማሽን የሠራውን ሥዕል ጨርሶ አልቀበልም አለ። አዶቢ ስቶክ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር እቀበላለሁ፣ ነገር ግን የማሽን ሥራ መሆኑ ይጻፍበት ሲል ደነገገ። ስቲም የሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ገበያም እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2024 ሠሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀማቸውን እንዲናገሩ አዘዘ። ሸተርስቶክ ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ከኦፕን ኤአይ ጋራ ተዋውሎ የማሽኑን ሥዕል ራሱ ለመሸጥ ሲነሣ፣ ሥራቸውን ለሚያቀርቡለት ሰዎች ይህንኑ ከለከላቸው። ማሽኑ ከሥራቸው ለተማረባቸው ሠዓሊዎች የካሣ ገንዘብ መመደቡን አንክድም፤ ቢሆንም የፊቱን ደጅ ለሌላው ዘግቶ በጓሮ በር እንደ መግባት ሳይቈጠርበት አይቀርም።

አንዳንድ ሰዎች «ሥዕሉ ካማረ የሠራው ማን እንደ ሆነ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ይላሉ። ይህ ቃል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ሙግቱ ብርቱ ነው። ዳቦ የምንበላ ሰዎች ዱቄቱ በእጅ ወፍጮ ይፈጭ ወይም በሞተር አንጠይቅም። ነገር ግን ማርንና ስኳርን እናስተያይ። ስኳር መሸጥ ኃጢአት አይደለም፤ ስኳር የሚሸጥ ሰውም ሌባ አይባልም። ስኳርን አቅልጦ ማር ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ሌባ ነው፤ ያውም የቀማሹ አፍ ጣፋጭነቱን ቢመሰክርለትም ሌባ ነው። ጥፋቱ በስኳሩ ውስጥ የለም፤ በማርም ውስጥ የለም፤ በስሙ ላይ ነው ያለው። ገዢው የከፈለው ለጣዕሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማርና በስኳር መካከል የዋጋ ልዩነት ባልኖረ ነበር።

በሥዕል ላይ ደግሞ ስሙ ከማር ይልቅ ይከብዳል። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ሁሉ «አንድ ሰው በዚያ ቦታ ቆሞ ይህን አይቷል» የሚል ምስክርነት በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በጋዛ ስላለው ጦርነት በማሽን የተሠሩ ሥዕሎች በአዶቢ ስቶክ ገበያ ላይ ሲሸጡ ተገኙ፤ በገበያው ላይ የማሽን ሥራ መሆናቸው ተጽፎባቸው ነበር። ገዝተው ከወሰዷቸው አንዳንድ ድረ ገጾች ላይ ግን ጽሕፈቱ ቀርቶ ሥዕሉ ብቻ ታየ። ስያሜው በገበያው በር ላይ ወድቆ ቀረ፤ ምስክርነቱ ግን ያለ ምስክር ዓለምን ዞረ።

ለእኛ አገር ሰው ቀረብ ያለ ምሳሌ ደግሞ አለ። አንድ መምህር ለክፍሉ ግድግዳ የሚሆን የኢትዮጵያ ሥዕል ፈልጎ ከእነዚህ ገበያዎች ቢገዛ፣ ሥዕሉ ላይ የግእዝ ፊደል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከሀ እስከ ፐ ቢቈጠር የማይገኙ ቅርጾች ሊያገኝ ይችላል። ማሽኑ የፊደላችንን ገጽታ አይቷል፤ ፊደሉን ግን አልተማረም። የውጭ አገር ገዢ ይህን አያውቅም፤ «የኢትዮጵያ ጥበብ» የሚል ስም ስላየ ብቻ ይወስደዋል። ሕፃናቱ ቅርጹን አይተው «የኔታ፣ ይህ ፊደል ማን ይባላል?» ብለው ቢጠይቁ መምህሩ የሚመልሰው አያገኝም።

ሌላም በደል አለ፤ በአጭሩ እንጠቅሰዋለን። ማሽኑ መሣልን የተማረው ሰዎች ከሣሏቸው ቍጥራቸው ከበዛ ሥዕሎች ነው፤ ከብዙዎቹ ሠዓሊዎች ፈቃድ አልተጠየቀም። ጌቲ ኢሜጅስ በዚህ ምክንያት ስታቢሊቲ ኤአይን እ.ኤ.አ. በ2023 በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በተሰጠው ፍርድ ግን በንግድ ምልክቱ በኩል ጥቂት ከማግኘቱ በቀር በዋናው ነገር አልረታም። የእኛ ቋንቋ ቅኔ መቀኘትን «ቅኔ መዝረፍ» ማለቱ በዚህ ጊዜ ትዝ ይለናል። የቅኔው ዘራፊ ግን የሚዘርፈው ከራሱ አእምሮ ነው።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ገበያ ውጭ ናቸው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ያጥሬዳ የተባለው በኪያ ታደለ የሚመራ የቤተሰብ የሥነ ጥበብ ማኅበር፣ ሕያዋን ሰዎችን የነገሥታትና የአርበኞች ልብስ አልብሶ በጥቁርና ነጭ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ሥዕል እያዘጋጀ በዲጂታል ገበያ ሲሸጥ ቈይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም በአሜሪካ አገር በቶሌዶ ሙዚየም ሥራው ታይቷል። በዚያ ሥራ ውስጥ ልብሱን ያዘጋጀ፣ ፀጉሩን የሠራ፣ ፀሐይ እስክትወጣ የቆመ ሰው አለ። ዛሬ ማሽን ያንኑ የመሰለች ንግሥት በአንድ ደቂቃ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ ያለ ስም ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዋጋ የሚያሸንፈው የትኛው እንደሚሆን ለመገመት ነጋዴ መሆን አያሻም።

እንግዲህ ጥበቃ ያስፈልጋል ብለናል። ዳሩ ግን ከባዱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጠባቂው በምን ያውቃል? ቅቤ ሲነጠር ይታወቃል፤ ሥዕል ግን አይነጠርም። መጀመሪያ ላይ የማሽኑ ሥዕል ስድስት ጣት ያለው እጅ እያወጣ ራሱን ያጋልጥ ነበር፤ ያ ጊዜ እያለፈ ሄደ። ስለዚህ ገበያዎቹ ማሽንን በማሽን ለመያዝ መርማሪ መሣሪያ አበጁ። የእነዚህ መሣሪያዎች ነገር ግን እጅግ ያሳስባል። ሥዕልን ትተን በጽሑፍ በኩል የሆነውን ብንመለከት፣ ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2023 ያወጣውን የጽሑፍ መርማሪ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ በጁላይ ወር መልሶ አነሣው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መርማሪዎች ቢያስመረምሩ፣ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ማሽን የጻፈው ነው» ተባሉ። ምክንያቱም ቋንቋን በትምህርት ያገኘ ሰው ቀላልና የተለመደ ቃል ይመርጣል፤ መሣሪያው ደግሞ የተለመደውን ሁሉ የማሽን አድርጎ ይቈጥራል። ይህን የሚያነቡ መምህራን የተማሪያቸውን ወረቀት ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ከመስጠታቸው በፊት ጥቂት ቢያስቡ ደግ ነው።

በአማኑኤል ተወልዶ ያደገ አንድ የምናውቀው ወጣት አለ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳል። ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ይሥላል፤ ከዚያ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ያስተካክለዋል፤ ለልብስና ለመጋረጃ ጌጥ እንዲሆን በአንድ የውጭ አገር ገበያ ላይ ያኖረዋል። ገንዘቡን ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ይቀበል ነበር፤ ብዙ አልነበረም፤ ለታናናሾቹ የደብተርና የጫማ ግን ይበቃ ነበር። አንድ ቀን ገበያው «ሥራህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ መሆኑ ተደርሶበታል፤ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤው የደረሰው በአካባቢው የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ነው። እርሱ ባነበበው ጊዜ ሰባቱ ቀን አልፎ፣ መደቡም ተዘግቶ፣ ያልተከፈለው ጥቂት ዶላርም ተይዞ ቈየው።

ጥርጣሬው ከምን እንደ መጣ እኛ እንገምታለን። ሐረግ በጠባዩ ግራና ቀኙ የተካከለ፣ አንዱ ጥልፍልፍ ሌላውን የሚደግም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የማይታይበት እንዲሆን ተደርጎ የሚሣል ነገር ነው። የጥንት ጸሓፍት በመቃና በቀለም የደከሙት ይህን ጥራት ለማግኘት ነበር። መሣሪያው ያንን ጥራት አይቶ «ሰው እንዲህ አይሠራም» አለ። ሊቃውንት ቢያዩት የሚያመሰግኑት ነገር በዚህ ዳኛ ዘንድ የጥፋት ማስረጃ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ገበያው ከወጣቱ የሚጠይቀው ሥራው ከየት እንደ መጣ እንዲናገር ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ወጣቱ ደግሞ «ፍርዱስ ከየት መጣ? ያየው ሰው ነውን ወይስ መሣሪያ? በየትኛው መሥመር ላይ ነው የተጠራጠራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አላገኘም። ማሽን ሠርቶት እንደ ሆነ ያልተገለጸ ሥዕል ከገበያ ይወጣል፤ ማሽን ፈርዶት እንደ ሆነ ያልተገለጸ ፍርድ ግን ይጸናል። ምንጩን ደብቆ መሸጥ ጥፋት ከሆነ ምንጩን ደብቆ መፍረድ ምን ሊባል ነው?

የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ይህንኑ ችግር በራሳቸው መንገድ ሲዳኙት ኖረዋል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዲማም ሆነ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን አዲስ አድርጎ ማምጣት አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ መንገር ትልቅ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ከጓደኛው ተቀብሎ የሚመጣ ተማሪ መቼም ቢሆን አይጠፋም። የኔታ ይህን እንዴት ያውቃሉ? የቅኔውን ማማር አይተው ብቻ አይፈርዱም፤ ማማሩ ምስክር አይሆንምና። ትናንት ከጉባኤ ቃና ያልወጣ ተማሪ ዛሬ ሙሉ መወድስ ቢያመጣ፣ መንገዱን ይጠይቁታል። «ይህን ግስ ከየት አመጣኸው? ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁስ የቱ? እዚህ ቤት ላይ ይህን ቃል ትተህ ያንን ለምን መረጥህ?» ይሉታል። የደከመበት ተማሪ ተንተባትቦም ቢሆን ይመልሳል፤ የጣለውን ቃል ሁሉ ያስታውሳልና። የተቀበለው ተማሪ ግን የተጠናቀቀውን እንጂ የተጣለውን አያውቅም። ይህም ባይበቃ «እንግዲያስ በዚሁ ቤት ሌላ አምጣ» ይባላል።

በዚህ ዳኝነት ውስጥ ተከሳሹ የዳኛውን ፊት ያያል፤ የተጠረጠረበትን ነገር ያውቃል፤ የሚመልስበትም ጊዜ አለው። ሲሳሳቱም የኔታ እዚያው ጉባኤው ፊት ይመለሳሉ።

የገበያዎቹ ሹማምንት ይህን ቢሰሙ «የኔታ ያላቸው ጥቂት ደቀ መዛሙርት ነው፤ እኛ ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሥዕል አለብን» እንደሚሉ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ሁሉን መጠየቅ አይቻልም። ዳሩ ግን ገበያው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻውን ይወስዳል፤ ድርሻ ሲቈረጥ ያልታየ የቍጥር ብዛት ፍርድ ሲሰጥ ብቻ ሰበብ ሊሆን አይገባውም። ደግሞም ሁሉ ይጠየቅ አላልንም፤ ከመባረሩ በፊት የሚባረረው ይጠየቅ ነው ያልነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አዶቢና ማይክሮሶፍት ከሌሎች ጋራ ሆነው፣ አንድ ሥዕል ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ማን እንደ ሠራውና ምን እንደ ተለወጠበት አብሮት የሚሄድ መዝገብ እንዲኖረው የሚያደርግ ማኅበር አቁመዋል። ሐሳቡ መንገድን ከመጠየቅ ጋራ ይዛመዳልና መልካም ነው። ነገር ግን መዝገቡን የሚጽፈው አዲስ ካሜራና አዲስ ፕሮግራም ነው። በአሮጌ ስልክና በባለ ካሬ ደብተር የሚሠራ ሰው መዝገብ የለውም፤ መዝገብ ማጣቱ እንደ ጥፋት ከተቈጠረበት ደግሞ ድኽነቱ እንደ ወንጀል ተቈጠረ ማለት ነው።

መንገዱንም ራሱን የሚያስመስል ተንኰለኛ እንዳለ አንዘነጋም፤ ማሽኑ ዛሬ የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የእርሳስ ንድፉንም ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ምርመራ አንዳንዱን አታላይ ያሳልፋል፤ አንዳንዱንም ንጹሕ ያስቀራል። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይሻላል ብንባል፣ እኛ አታላዩ ቢያመልጥ እንመርጣለን። ምክንያታችን ርኅራኄ ብቻ አይደለም። አታላይ ቢባረር ነገ በሌላ ስም ተመልሶ መደብ ይከፍታል፤ የሚጠፋበት ነገር የለም። እውነተኛው ሠሪ ግን ያለው አንድ ስም ነው፤ እርሱ ከተሰረዘ ሌላ የለውም። ስለዚህ ጨካኝ ቅጣት የሚጎዳው ሊጎዳ የማይገባውን ሰው ነው።

በአገራችን የደራሲን መብት በመጀመሪያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ደንግገውታል፤ ሁለቱም ሥራን ከአእምሮው ያመነጨውን ሰው ነው የሚያውቁት። በአሜሪካም የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ሰው ያልደረሰው ሥራ የደራሲ መብት የለውም ብሏል። እንግዲህ የማሽንን ሥራ የእጄ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሕግ ያልሰጠውን መብት ነው የሚሸጠው፤ ገዢውም አንድ ቀን በእጁ ባዶ ወረቀት ያገኛል። የእኛ ሹማምንትም ወደ ፊት ስለዚህ ነገር ደንብ ሲያወጡ፣ ሻጩ ምንጩን እንዲናገር ከሚያስገድደው አንቀጽ አጠገብ፣ ከሳሹም የክሱን ምንጭ እንዲናገር የሚያስገድድ አንቀጽ ቢያኖሩ እንወድ ነበር።

ወጣቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለገበያው ላከ። ጉዳዩ የተዘጋ ስለ ሆነ ዳግመኛ አይታይም የሚል የሁለት መሥመር መልስ መጣለት። ደብተሮቹን እኛም አይተናቸዋል፤ ሰባት ናቸው፤ በአማኑኤል በእናቱ ቤት ከአልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተቀምጠዋል። በአንደኛው ገጽ ላይ ከጥልፍልፉ መካከል አንዲት ወፍ አለች፤ አንገቷ አራት ጊዜ ተጠፍቶ አራት ጊዜ ተሥሏል፤ ወረቀቱም ከላጲሱ ብዛት የተነሣ ሳስቶ ከበስተ ኋላ ያለው ገጽ ይታይበታል። አሁን አዲስ ሐረግ ሲጀምር በየደረጃው ፎቶግራፍ እያነሣ ያስቀምጣል። የሚጠይቀው ሰው ግን እስካሁን አልመጣም።